ምክር አለመስጠትን ስላስተማራችሁኝ

ኅርጡም፣ ዴም
የካቲት ፲፯ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ በላይነህ
የፍኖተ ልብ የሥነ ልቡና ምክር ማሠልጠኛ ማእከል ዋና ኃላፊ
ዐማራት

ጉዳዩ፦ የምስክር ወረቀት መመለስንና አንድ መልስ መለመንን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ማእከልዎ ወዳለበት ሦስተኛ ፎቅ እንደ እኔ በየእርከኑ ሳያርፍ በአንድ ትንፋሽ እንዲደርስልኝ እየተመኘሁ፣ ለራስዎ፣ ለቤተ ሰብዎ፣ እንዲሁም ጎረቤቶቹ ሁሉ መስኮታቸው ረግፎ ሳለ ብቻውን ተጠግኖና ቀለም ተቀብቶ ለቆመው ጽሕፈት ቤትዎ ሙሉ ጤንነትን እለምናለሁ። እኔ በበኩሌ፣ አምላክ የተመሰገነ ይሁን፣ ከጉልበቴ በስተቀር ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴም ሰባ ሰባት ዓመት ያለ ዕረፍት ካገለገለኝ በኋላ ስንብት ቢጠይቅ አልፈርድበትም።

ደብዳቤውን አሽጌ ለእርስዎ ብቻ መላክ ሲገባኝ በዴም በሚገኘው የማኅበራችን አዳራሽ ግድግዳ ላይ መለጠፌ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ አደራ እላለሁ። የሥልጠናው ማስታወቂያ የተለጠፈው በዚሁ ግድግዳ ላይ ስለ ነበር፣ መጀመሪያውን ያነበበ ሁሉ ፍጻሜውንም ቢያነብ ነገሩ የተሟላ ይሆናል ብዬ ነው።

ከሠለጠኑት ሃያ ሁለት ሰዎች መካከል ማንነቴ ካልታወሰዎት፣ ይስማው እባላለሁ፤ በወሎ አሥራ አንድ ዓመት በመምህርነት አገልግዬ በዘመኑ ሁከት ወደ ሱዳን የተሰደድሁ፣ በዚህ ሰፈርም ከአርባ ዓመት በላይ ለወገኖቼ ማመልከቻ እየጻፍሁ፣ የተጣላ እያስታረቅሁ፣ ምክር ለጠየቀኝም እየመከርሁ የኖርሁ ሽማግሌ ነኝ። ጦርነቱ ሲበረታ ወደ ገዳሪፍ ወጣሁ፤ ባለፈው ክረምት ስመለስ ቤቴን በሩ ተነቅሎ አገኘሁት። በር የሌለው ቤት ለምክር ፈላጊ እጅግ የተመቸ ነውና፣ ሰው ሳያንኳኳ እየገባ ይቀመጥ ጀመር። ይሁንና ከጦርነቱ በኋላ ሰዎች የሚያመጡልኝ ነገር እንደ ቀድሞው የማመልከቻ መልክ አልነበረውም። ገብተው ይቀመጣሉ፤ አንዳንዶቹ ምንም ሳይናገሩ ተነሥተው ይሄዳሉ። ለዚህ የሚሆን እውቀት እንደሌለኝ ስለ ተረዳሁ፣ «የሥነ ልቡና ምክር አገልግሎት የመግቢያ ሥልጠና፣ በትርፍ ጊዜ፣ ለአሥር ቅዳሜዎች» የሚለውን ማስታወቂያ ባየሁ ጊዜ በዚህ ዕድሜዬ ደብተርና ብዕር ይዤ ተመዘገብሁ።

ወደ ቅሬታዬ፣ ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ሳይታወቅልኝ እንዳያልፍ እሻለሁ። እኔ የተማርሁት በአለንጋ ነው። በእኛ ዘመን መምህር አድርግ ያለው ይደረጋል፣ አታድርግ ያለው ይቀራል፤ ለምን ብሎ መጠየቅ ከተማሪ አይጠበቅም ነበር። ይህን የምጽፈው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ከዚህ በታች ለሚመጣው ነገር ዋናው ምክንያት ይኸው በመሆኑ ነው።

፩ኛ፦ በመጀመሪያው ቅዳሜ አሠልጣኛችን ወይዘሪት ገሊላ ወንበሮቹን በክብ አስደርድረው ካስቀመጡን በኋላ፣ በዚህ ክበብ ውስጥ ማዕረግም ሽምግልናም እንደማይታወቅ ገልጸው እኔን «አንተ ይስማው» ብለው ጠሩኝ። ወይዘሪት ገሊላ እዚሁ ኅርጡም ተወልደው ያደጉ በመሆናቸው አማርኛቸው ከዐረብኛ ጋር ተጋብቶ የሚኖር ነው፤ በዚህ አልወቅሳቸውም፤ ልባቸውም ቅን ነው። መምህሬ ናቸውና ይኸው እኔ «እርስዎ» እያልሁ፣ የልጅ ልጄ በሚሆኑ እመቤት አሥር ሳምንት «አንተ» መባልን እንደ መራራ መድኃኒት ዋጥሁት። በሰባ ሰባት ዓመት የተገነባን ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ ማፍረስ ይህችን ከተማ ያፈረሷት መድፎች እንኳ ያልቻሉት ፍጥነት ነውና ላቅ ያለ አድናቆቴን እገልጻለሁ።

፪ኛ፦ በሁለተኛው ቅዳሜ ጥንድ ጥንድ ሆነን አንዳችን ሐዘናችንን እንድንናገር፣ አንዳችን እንድናዳምጥ ታዘዝን። ሥልጠናው የመግቢያ ደረጃ በመሆኑ ግን እያንዳንዱ ሠልጣኝ ይዞት የሚመጣው ሐዘን ከዐሥር ከሦስት እንዳይበልጥ ጥብቅ መመሪያ ተሰጠ። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ዓመት በኅርጡም ከዐሥር ሦስት የሚሆን ሐዘን ፈልጎ ማግኘት ምን ያህል እንዳደከመን ቢያዩ ኖሮ ይራሩልን ነበር። እኔ ከብዙ ፍለጋ በኋላ በገዳሪፍ መንገድ ላይ የጠፋብኝን መነጽር አቀረብሁ። ጥንዴ የነበረችው ሐመልማል፣ ከጦርነቱ በፊት እዚያው ማእከልዎ ባለበት በዐማራት ሰፈር በአንድ ጎዳና ማእዘን ሻይ ትሸጥ የነበረች ሴት፣ የተዘረፈባትን ማንቆርቆሪያ አመጣች። በማንቆርቆሪያው ጀምራ፣ ሁልጊዜ ጧት ውኃ ይሞላላት ወደ ነበረው ባሏ፣ ከባሏም ውኃ ሊቀዳ ወጥቶ ወደ ቀረባት ቀን ስትደርስ፣ ወይዘሪት ገሊላ ከጎናችን ቆመው እጃቸውን በትከሻዋ ላይ አኖሩና «ሐመልማል፣ ይሄ ሰባት ነው። ያላ፣ ወደ ሦስት ተመለሺ» አሏት። ሐመልማልም እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ስለ ማንቆርቆሪያው ክዳን ተናገረች። ይህን የመሰለ ሥርዓት በሐዘን ላይ ሲጫን በዕድሜዬ አላየሁም።

፫ኛ፦ በስድስተኛው ቅዳሜ የሥልጠናው ሁሉ ማገር የሆነው ሕግ ተሰጠን። አማካሪ አይመክርም። ሂድ አይልም፣ አትሂድ አይልም፤ መልሱ በጠያቂው ውስጥ ስለሚገኝ ጥያቄውን ለባለቤቱ ይመልሳል። ከዚያም ዝም ይላል፤ ዝምታውን ሳይፈራ በልቡ እስከ ሠላሳ ይቆጥራል። ለአርባ ዓመት ስሠራ የኖርሁት ሥራ በሙሉ ስሕተት እንደ ነበር በአንድ ቀን መረዳት ቀላል አልነበረም፤ ነገር ግን መምህር አታድርግ ብሏልና ተውሁት። በፈተናው ቀን ለሐመልማል ባሏ የሚደበድባት ሴት መስላ የምትናገር ባልደረባ ተሰጠቻት። ሐመልማል አድምጣ ሳትጨርስ «እኅቴ፣ ልብስሽን ሰብስቢና አሁኑኑ ከኔ ጋር ነይ» ብላ ከወንበሯ ተነሣች፤ በዚህም ወደቀች። እኔ ጥያቄውን ለባለቤቱ መለስሁ፣ ራሴን በልኩ ነቀነቅሁ፣ እስከ ሠላሳም ቆጠርሁ። ውጤት ሲነበብ አንደኛ ወጣሁ። አንደኛ መውጣት ከልጅነቴ ጀምሮ የለመድሁት ነው፤ ቢሆንም ደስ እንዳለኝ፣ ሐመልማልንም በሆዴ እንደ ናቅኋት አልሸሽግም።

፬ኛ፦ ታኅሣሥ ፬ ቀን በወርቅማ ሐረግ የተከበበ የምስክር ወረቀት በእርስዎ እጅ ተቀበልሁ። እዚህ አገር ሸሃዳ ይሉታል። በግርጌው በደቃቅ ፊደል፣ ወረቀቱ የመግቢያ ደረጃ መሆኑና ያዡም የምክር አገልግሎት ለመስጠት እንደማይፈቀድለት ተጽፏል። ዋና መማሩ ተመስክሮለት ወንዝ እንዳይደርስ የታገደ ሰው ብሆንም አላዘንሁም፤ ከአቅማችን በላይ የሆነውን ሰው ወደ ማእከሉ የምንልክበት ሃያ ቅጠል ያለው የማስተላለፊያ ጥራዝ አብሮ ተሰጥቶናልና።

፭ኛ፦ ከዚያ በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ታኅሣሥ ፯፣ ከቀትር በኋላ ሬሕማ መጣች።

ሬሕማ የወሎ፣ የሐርቡ ልጅ ናት። እዚሁ ኅርጡም፣ አል-ጣኢፍ በሚባለው ሰፈር በሚገኝ አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ በሠራተኛነት ትኖር ነበር። ጦርነቱ በተነሣ በአራተኛው ቀን አሠሪዋ ሲት ኒዕማ ከነቤተ ሰባቸው ሲወጡ በሦስት ቀን እንመለሳለን ብለው የቤቱን ቁልፎች በእጇ ሰጧት። ሦስቱ ቀን ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። ሬሕማ ቤቱን ጠበቀች፤ የታጠቁ ሰዎች ስንት ጊዜ እንደ ገቡና ምን እንዳደረጉ አልነገረችኝም፣ እኔም ያልተነገረ አይጠየቅም ተብዬ ስለ ተማርሁ አልጠየቅኋትም። ሲት ኒዕማ ባለፈው መስከረም ሲመለሱ ስለ መጋረጃዎቹ ጠየቋት፤ በማግሥቱም የቤቱን ቁልፎች ሁሉ አስለወጡ። ሬሕማ ግን አሮጌዎቹን ቁልፎች ከወገቧ አልፈታችም። እኔ ዘንድ በምትመጣበት ጊዜ ሁሉ፣ በር በሌለው ቤቴ ተቀምጣ፣ በሩ መዘጋቱን በየጥቂቱ ዞር እያለች ታይ ነበር።

በዚያን ቀን የመጣችው ግን እንደ ሌላው ጊዜ ዝም ብላ ለመቀመጥ አልነበረም። ሳሊህ የሚባል ሰምሳር፣ ሰው አሻጋሪ ደላላ ማለት ነው፣ ሐሙስ ዕለት ወደ ሊቢያ በሚነሣ የጭነት መኪና ላይ ቦታ ይዞላት ነበር። ክቡር ሆይ፣ ያን መንገድ አላውቀውም እንዳልል፣ በዚያ በረሃ ለጠፉባቸው አሥራ ሰባት ቤተ ሰቦች የማፈላለጊያ ደብዳቤ የጻፍሁት በዚህ እጄ ነው፤ መልስ የመጣው ለሁለቱ ነው፤ የአንደኛው መልስም የመቃብር ቦታን የሚያሳይ ነበር።

ሬሕማ እፊቴ ተቀምጣ ቁልፎቹን በመዳፏ ይዛ እንዲህ አለችኝ፦ «መምህር፣ አንድ ቃል ብቻ ይበሉኝ። ልሂድ ወይስ ልቅር? አትሂጂ ካሉኝ አልሄድም። ለሳሊህም መምህር ከለከሉኝ እለዋለሁ።»

ቃሉ በአፌ ውስጥ ነበረ። በምላሴ ላይ ክብደቱ ይታወቀኝ ነበር። ነገር ግን ከሦስት ቀን በፊት አንደኛ የወጣሁ ተማሪ ነበርሁና፣ እጆቼን በጉልበቶቼ ላይ እንደ ተማርሁት አሳርፌ «አንቺስ፣ ሬሕማ፣ ምን ይሰማሻል?» አልኋት።

«ምንም አይሰማኝ» አለች። «ቢሰማኝማ እርስዎን ምን አስቸገረኝ?»

ከዚያ በኋላ ዝም አልሁ። በልቤ መቁጠር ጀመርሁ። እርሷም በአክብሮት ዐይኗን መሬት ላይ ጥላ ጠበቀችኝ፤ ሽማግሌው እያሰበ ነው ብላ ነው። በስድስተኛው ቅዳሜ ትምህርት ውስጥ ያልተጠቀሰ፣ በእኛ አገር ግን ሕፃን የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ምክር የተጠየቀ ሽማግሌ ካልከለከለ ፈቅዷል። ሠላሳ ላይ ስደርስ ሬሕማ ቀና ብላ አየችኝና «እንግዲያው ይመርቁኝ» ብላ ጉልበቴን ልትስም ዝቅ አለች።

ምርቃት ምክር ስላልሆነ፣ በሥልጠናውም ውስጥ ስላልተከለከለ፣ መረቅኋት። መንገድሽ ይቅና፣ ክፉ አይይሽ አልኋት። ለማንም የምለው ነው። ከዚያም ከጥራዙ የመጀመሪያውን ቅጠል ቀድጄ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ሞልቼ፣ ወደ ማእከልዎ እንድትሄድ ሰጠኋት። ሬሕማ በእጇ ላይ ወረቀት ሲያኖሩላት እምቢ የማትል ልጅ ናትና ተቀብላኝ፣ በዚያው ዕለት በረክሻ ተሳፍራ ማእከልዎ ድረስ ሄዳለች፤ ደጅ ላይ ያለው ሠራተኛም በትሕትና ተቀብሎ ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ለጥር ፲፱፣ ቀጠሮ ሰጥቷታል። የጭነት መኪናው ቀጠሮ የሁለት ቀን ነበር።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ሐመልማል እያለከለከች መጣችና በር የነበረበት ቦታ ላይ ቆመች። በዋዜማው ሬሕማን ከመኪናው ላይ አግኝታ ውረጂ ብላ በቀሚሷ ጎትታት እንደ ነበር፣ ሬሕማ ግን በሳቅ «መምህር መርቀውኛል እኮ» ብላ እጇን እንዳስለቀቀች ነገረችኝ። ሥልጠናውን የወደቀችው ሐመልማል በቀሚስ ስትጎትት፣ ሥልጠናውን አንደኛ ያለፍሁት እኔ በቤቴ ተቀምጬ ለሬሕማ ቀጠሮ ስለ ማግኘቴ ራሴን እያመሰገንሁ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር አልፏል። ሳሊህ ተመልሷል፤ ተሳፋሪዎቹን በመንገድ ላይ ለሌላ መኪና እንዳስረከበ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላህ ብቻ እንደሚያውቅ ይናገራል። ሐመልማል በየቀኑ ወደ ሬሕማ ስልክ ትደውላለች፤ አንዲት የተቀዳች ሴት በዐረብኛ ይቅርታ ትጠይቃታለች። ከማእከልዎም ጥር ፳፩ ቀን የተጻፈ ደብዳቤ ደርሶኛል፤ «ተገልጋይዋ በቀጠሮዋ ቀን ባለመቅረቧ መዝገቧ ተዘግቷል፤ ስለ መልካም ትብብርዎ እናመሰግናለን» ይላል። እኔም ስለ መዝገቡ መዘጋት አመሰግናለሁ፤ ከሬሕማ ጋር በተያያዘ በትክክል የተዘጋ ነገር ይህ ብቻ ነው።

፮ኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ስለ ወንበሮቹም፣ በትርፍ ጊዜ ስለሚሰጥ ነገርም የምለው ነበረኝ፤ አሁን ግን ቁጥሩ ምን እንደሚያደርግልኝ አላውቅም።

ልመናዬ አንድ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት የሬሕማ እናት፣ ወይዘሮ መዲና፣ ከሐርቡ ስልክ ደወሉልኝ። ወይዘሮ መዲና አልጮኹም፣ አልረገሙኝምም፤ ቢረግሙኝ በቀለለኝ። ከእኔ ጤና፣ ከጉልበቴ፣ ከኅርጡም ሰላም ጀምረው በመጨረሻ እንዲህ ብለው ጠየቁኝ፦ «መምህር፣ ልጄ እርስዎን ሳታማክር ደጅ አትወጣም። ምን ቢሏት ነው የሄደች?»

እነሆ፣ ክቡር ሆይ፣ ይህን ጥያቄ በማስተላለፊያ ወረቀት ወደ እርስዎ አስተላልፌዋለሁ። በሥልጠናው መሠረት ልመልስላቸው የሚገባኝ «እርስዎስ ምን ይሰማዎታል?» የሚለውን መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ለዚህ ግን ድፍረቱ ስላልተገኘልኝ መስመሩ ተቋርጧል በማለት ስልኩን ዘጋሁት። በአርባ ዓመት ውስጥ ለወገኔ የዋሸሁት ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እንደገና መደወላቸው አይቀርምና፣ ምን ብዬ እንድመልስ በማእከሉ ማኅተም ተረጋግጦ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ጥፋቱን በወይዘሪት ገሊላ ላይ ለማሳበብ የጻፍሁት እንዳይመስልዎት። እርሳቸው የተማሩትን አስተማሩ። ጥፋት ካለ እኔ ጥሩ ተማሪ መሆኔ ነው፤ ያሳደጉኝ መምህራን ሁሉ በመቃብራቸው ውስጥ ሊኮሩብኝ ይገባል። የምስክር ወረቀቱን የምመልሰውም ሬሕማን ይመልስልኛል ብዬ አይደለም፤ ግድግዳዬ ላይ አንዲት ሚስማር ብቻ ስለቀረች፣ እርሷንም ለካፖርቴ ስለምፈልጋት ነው።

ለማእከልዎ ዕድሜን፣ ለወንበሮቹ ጽናትን፣ ለሚቀጥሉት ሠልጣኞች ከዐሥር ከሦስት የማይበልጥ ሐዘንን እየተመኘሁ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ በእርስዎ ፊት እንደ ማንኛውም ማዕረግ አልባ የክበቡ አባል እሰናበታለሁ።

የማእከልዎ የመጀመሪያው ዙር አንደኛ ተማሪ፣
ይስማው

ግልባጭ፦
ለወይዘሪት ገሊላ፣ ከአክብሮት ጋር፤
ለሐመልማል፣ ከይቅርታ ጋር፤
ለሲት ኒዕማ፣ አል-ጣኢፍ፤ አሮጌ ቁልፎችዎ በደኅና እጅ ላይ ስለ መሆናቸው እንዳይሰጉ፤
ለሬሕማ፣ ባለችበት።

ማስታወሻ፦ የሁለተኛው ደረጃ ሥልጠና በሚያዝያ እንደሚጀመርና ከዐሥር እስከ ስድስት የሚደርስ ሐዘን እንደሚፈቀድበት የሚገልጸው የጥሪ ወረቀትዎ ደርሶኛል፤ ሐመልማል ሰባት ላይ ስለ ቆመች አሁንም አንድ ይተርፋታልና አልነገርኋትም። በምመልሰው የምስክር ወረቀት ጀርባ ላይ በወፍራም ብዕር የጻፍኋት አንዲት ቃል አለች፤ «አትሂጂ» ትላለች። ለማእከሉ አይደለችም፤ የሬሕማ ናት። ድንገት አንድ ቀን የስድስት ሳምንት ቀጠሮዋን ይዛ ደጅዎ ላይ ብትቆም፣ ወረቀቱን እንዲያው በእጇ እንዳይሰጧት አደራ፤ ሬሕማ ፊደል አልቆጠረችምና ቃሉ በሰው አፍ ሊነገራት ያስፈልጋል።